ሁለቴ ያነሳኋት ጀልባ

ሜሪ ዲ. ሂዩምን ላነሳ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን 240 ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። ዛሬ ከነዚያ ውስጥ የምወደው አንዱን ብቻ ነው። እሱም ላይ ጀልባዋ የለችም ማለት ይቻላል፤ አንድ የዛገ ብሎን ነው ያለው። የቀሩት 239ኙ ያምራሉ። ጣጣቸውም እሱ ነው።

ለማታውቋት፦ አሜሪካ፣ ኦሪገን የሚባል ግዛት ውስጥ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ድንበር ስትቃረቡ፣ ጎልድ ቢች የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሮግ የሚባለው ወንዝ ፓስፊክ ውስጥ የሚገባው እዚያ ነው። ወንዙ ባሕሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ በደቡቡ ዳርቻ፣ የጀልባ ማረፊያው አካባቢ አንዲት የእንጨት መርከብ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች ከማለት ተጋድማለች ቢባል ይቀላል። ከመኪና ወርዶ ማየት ነው እንጂ ቲኬት ምናምን የለውም።

ከፖርትላንድ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን ነው የደረስነው። ነድተን ስል ጓደኛዬ ነድቶ ማለቴ ነው። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ስለ ጀልባዋ እያወራሁ አደከምኩት። ስንደርስ መሪውን እንደያዘ በመስኮቱ አየት አደረጋት።

“ለዚች ነው?”

“ለሷ ነው።”

“አንተ ልጅ፣ ይቺ እኮ የማገዶ ክምር ናት።”

ከሩቅ ስትታይ እውነቱን ነው። ግራጫ ጣውላ፣ ጎኗ የተቀደደ፣ ላይዋ ላይ ሣር የበቀለባት። ሣሩ ሳይቀር ከኛ ይልቅ ተመችቶት ነበር። ግን ታሪኳን ሰምቶ ያቺን ክምር ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። የተሠራችው በ1881 እዚያው ከተማ፣ እዚያው ወንዝ ዳር ነው። ከተማዋ ያኔ ኤለንስበርግ ነበር የምትባለው። ያሠራት ሮበርት ሂዩም ሳልሞን ዓሣ በቆርቆሮ እያሸገ የሚሸጥ ሀብታም ነበር። ወንዙን እንደ ጓሮው ስለያዘው የሳልሞን ንጉሥ ይሉት ነበር። መርከቧን በሚስቱ በሜሪ ስም ጠራት። ርዝመቷ 98 ጫማ ነው፣ 30 ሜትር ገደማ። የመጀመሪያ ሥራዋ ከኦሪገን ሳንፍራንሲስኮ፣ ከሳንፍራንሲስኮ ኦሪገን ጭነት ማመላለስ ነበር። በቃ፣ የጭነት መኪና በሉት።

ከዚያ በ1889 ለዓሣ ነባሪ አዳኞች ተሸጠች። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር ወጥታ፣ ከ1890 እስከ 1891 ያለውን ክረምት በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ሄርሽል በምትባል ደሴት በበረዶ ተቆልፋ አሳለፈች። እዚያ ከከረሙት የመጀመሪያዎቹ አዳኝ መርከቦች አንዷ ናት። በ1892 ስትመለስ ከ37 ዓሣ ነባሪዎች የተሰበሰበ ጭነት ይዛ ነበር፤ ዋጋው 400,000 ዶላር ገደማ። ጭነቱ ደግሞ ሥጋ አልነበረም። እነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ጥርስ የላቸውም። በጥርስ ፋንታ ከላይኛው ድዳቸው እንደ ማበጠሪያ ተደርድሮ የሚንጠለጠል፣ እንደ ጥፍር ጠንካራ ሆኖ የሚተጣጠፍ ነገር አላቸው። ፕላስቲክ ባልነበረበት ዘመን ለጃንጥላ ሽቦ፣ ለአለንጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሴቶችን ወገብ ለሚያጠብቀው ኮርሴት ይፈለግ ነበር። 37 እንስሳ ለወገብ! ይሄን ካነበብኩ በኋላ ጀልባዋ ላይ ያለኝ ፍቅር ትንሽ ቀዝቅዟል። አልጠፋም፣ ግን ቀዝቅዟል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዋ ተቀየረና ጎታች ሆነች። ሲያትል አካባቢ ባለው ባሕር ላይ ከሷ የሚበልጡ ነገሮችን እየሳበች ብዙ አሥርተ ዓመታት ሠራች። የእንፋሎት ሞተሯን አውጥተው ናፍጣ ገጠሙላት። እስከ 1978 ድረስ አላረፈችም። ልብ በሉ፣ 97 ዓመት ማለት ነው። የተሠራችው አውሮፕላን ከመፈጠሩ በፊት፣ ጡረታ የወጣችው ሰው ጨረቃ ላይ ከረገጠ በኋላ። በመጨረሻም ወደተወለደችበት ወንዝ መለሷት። በ1979 ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገባች። ሙዚየም ሊያደርጓት አስበው ነበር። በ1985 ከውሃ አውጥተው የብስ ላይ ሊያስቀምጧት ሲሞክሩ የታቀፈችበት ማንጠልጠያ ተበጠሰና ወርዳ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እዚያው ናት።

ብዙ ሰው መዝገብ ውስጥ ገባች ሲባል መንግሥት ይንከባከባታል ማለት ይመስለዋል። አይደለም። መዝገቡ ክብር ነው እንጂ ደሞዝ አይደለም። አንድ ነገር ተመዝግቦ እያለ ሊፈርስ ይችላል። ለዚህ ከሷ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ፎቶው ልመለስ።

የመጀመሪያው ጉዞ መስከረም ላይ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ቆሜያለሁ። ጉም ከባሕሩ እየገባ ነበር፣ ነፋስ የለም፣ ውሃው ሞልቷል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይሄን ሲያይ ልቡ ይመታል። ኤንዲ ፊልተሬን አወጣሁ። ለማያውቀው፣ ለሌንሱ እንደማድረግ ያለ ጥቁር መነጽር ነው፤ ብርሃኑን ስለሚቀንሰው ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን በር፣ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ማቆየት ይቻላል። 30 ሰከንድ ከፈትኩት። በ30 ሰከንድ ውስጥ የወንዙ ሞገድ ሁሉ ይጠፋና ውሃው እንደ ወተት ይረጋል። ጀልባዋ ግን ጭቃ ላይ ስለሆነች ፍንክች አትልም፤ ጥርት ብላ ትወጣለች። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ በዚህ መንገድ ቢነሳ እየተወዛወዘ ይደበዝዛል። ሜሪ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ሞዴል ናት፤ አርባ ዓመት ያህል ሳትንቀሳቀስ ቆይታለች።

ከኋላ ስክሪን ላይ ሳየው ልጮህ ደረስኩ። ጉም፣ ወተት የመሰለ ውሃ፣ መሐል ላይ አሮጊቷ። ከዚያ በኋላ አበድኩ። በስተግራ፣ በስተቀኝ፣ ተንበርክኬ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቼ። ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ተኝቷል።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁሉም ላይ ጀልባዋ ያረፈች ትመስላለች። ሰላም ያገኘች፣ በሕልም ውስጥ ያለች። አሁን ይሄ ውሸት ነው። ያቺ ጀልባ እየፈረሰች ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ገብቶ ይወጣባታል፣ ማዕበል ይመታታል፣ ብረቷ ይበላል። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ በ30 ሰከንድ አጥቤ አስወገድኩት። በዚያ ላይ ኢንተርኔት ላይ ስሟን ብትፈልጉ የኔን የሚመስል ፎቶ መዓት ነው። አንዱን በሌላው ብትተኩት ልዩነቱን የምናውቀው አንሺዎቹ ብቻ ነን።

ብሎኑ ግን የተለየ ነበር። እሱን ያነሳሁት በስህተት ነው ማለት ይቻላል። ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ውሃው መሸሽ ጀምሮ ነበር። ቱሪስት የጫኑት ፈጣን ጀልባዎች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። በዚህ ወንዝ ላይ ከ1895 ጀምሮ ፖስታ በጀልባ ይመላለሳል፣ ቱሪስቱ የሚሳፈረውም የዚያ ሥራ ልጅ በሆኑ ጀልባዎች ነው። አንዱ ሲያልፍ የፈጠረው ሞገድ መጥቶ ሜሪን ጎኗን መታት። ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ባዶ በርሜል ሲመታ እንደሚሰማው። ድምፁ ወደመጣበት ሌንሱን አዞርኩ፣ በረጅሙ ሌንስ ሳብኩትና አነሳሁ።

ቤት ሳሰፋው ነው ያየሁት። ብሎኑ ከጣውላው አራት ጣት ያህል ወጥቶ ቆሟል። መጀመሪያ የላላ መሰለኝ። ኋላ ሳስተውለው ብሎኑ ቦታውን አልለቀቀም፤ የሸሸው እንጨቱ ነው። ዙሪያውን በስብሶ፣ ተፈርፍሮ፣ እየሳሳ ወደ ውስጥ ገብቷል። ብረቱ ድሮ ከጣውላው ጋር እኩል የነበረበት ቦታ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ከራሱ ላይ ብርቱካናማ ዝገት በጎኗ ቁልቁል ፈስሷል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካወቅኩ በኋላ ጀልባዋን የማይበት ዓይን ተቀየረ። እንጨት ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከሆነ፣ በተለይ አየር የማይገባው ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ፣ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ሁልጊዜ ደረቅ ከሆነም ይቆያል። የሚገድለው አንዴ መርጠብ አንዴ መድረቁ ነው። የሚያበሰብሱት ሻጋታዎች እርጥበትም አየርም ይፈልጋሉ፣ ወገቧ ላይ ሁለቱንም ያገኛሉ። በዚያ ላይ ብረቱ በጨዋማ ውሃ ሲዝግ ያብጣል፣ ዙሪያውን ያለውን እንጨትም ያቃጥለዋል። ስለዚህ መርከብ መጀመሪያ የምትሞተው በየምስማሯ ዙሪያ ነው። ከላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀማል። ያ የሚያምረው ሣር የበቀለው እኮ እንጨቱ አፈር መሆን ስለጀመረ ነው!

እንጨት ባሕር ውሃ ውስጥ ሌላም ጠላት አለው። የመርከብ ትል ይሉታል፣ ግን ትል አይደለም፤ ከቀንድ አውጣ ዘመዶች ጋር የሚመደብ እንጨት የሚበላ ፍጡር ነው። ጨው ያንሰዋል ተብሎ በሚታወቀው በባልቲክ ባሕር ብዙም ስለማይኖር ነው፣ በ1628 ስቶክሆልም ላይ የሰመጠችው ቫሳ የምትባል የስዊድን የጦር መርከብ በ1961 ሲያወጧት ገላዋ ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል የተገኘው። ከ333 ዓመት በኋላ! ሜሪ ከሰመጠች ገና አርባ ዓመት ያህል ነው፣ እሷ ግን እየተፈረፈረች ነው። መስመጥ ራሱ ዕድል ይፈልጋል። ቫሳ ሙሉ ለሙሉ ሰመጠች፣ ሜሪ ግማሹን።

እና ወሰንኩ። ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ከዚያው ቦታ፣ ያንኑ ፎቶ አነሳለሁ። በቃ ይሄው ነው ዕቅዱ።

ሦስት ዓመት ቆይቼ ሰኔ ላይ ሄድኩ። ሰኔን የመረጥኩት አስቤበት ነው። በዚያ ባሕር ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም፤ አንደኛው ከሌላው ይበልጣል። በበጋቸው ትልቁ ሽሽት ማለዳ ላይ ይውላል፣ በክረምታቸው ደግሞ ወደ ማታ ይሄዳል። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ሰንጠረዡን በነፃ ያወጣዋል። ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ያለበትን ማለዳ መፈለግ ነው። ያን ቀን ጭቃው ይገለጣል፣ ውሃ የሸፈነው የጀልባዋ ክፍል ይታያል። ሌላው ደግሞ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ ይገለብጣል። ስለዚህ በማለዳ ተነስቶ መጨረስ ነው።

ጓደኛዬን እንደገና ለመንኩት። “የማገዶዋን ነገር?” አለ። መጣ ግን። እግዜር ይስጠው።

አንድን ፎቶ በትክክል መድገም ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። አንድ ሜትር ወደ ግራ ብትቆሙ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ አሮጌው ፎቶ ላይ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ የሆኑ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ፈልጉና እንዴት እንደተደራረቡ እዩ። የኔ ላይ ቅርቡ ውሃው ውስጥ የተተከለ አሮጌ ግንድ ነው፣ ሩቁ ድልድዩ። ሮግን የሚያቋርጠው ድልድይ በ1932 የተከፈተ፣ ኮንዴ ማክሎ የሚባለው መሐንዲስ የነደፈው፣ ሰባት ቅስት ያለው ኮንክሪት ነው። አንዱ ቅስት የሚያልቅበት ምሶሶ ከግንዱ ጫፍ በስተቀኝ ትንሽ ብቅ ይላል። ወደ ግራ ስትሄዱ ይደበቃል፣ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ይርቃል። ጓደኛዬ አሮጌውን ፎቶ ስልኩ ላይ ከፍቶ ጎኔ ቆመ።

“ወደ ቀኝ... በጣም አበዛኸው... ተመለስ። እዛው! ኧረ ቁም እንጂ ወንድሜ!”

ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። በመጨረሻ አንድ ግማሽ የተቀበረ ድንጋይ ጎን ላይ አረፍን፣ ያ ድንጋይ በአሮጌው ፎቶ ጥግ ላይም አለ። ሌንሱን በድሮው 50 ሚሊሜትር አደረግኩ። ኤንዲ ፊልተር የለም። ሰማዩ ደመናማ ነበር፣ እሱም ጥሩ ነው። ኃይለኛ ፀሐይ ካለ የጀልባዋ ሆድ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ ውሃው ደግሞ ይነጣል፣ ካሜራው ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያቅተዋል። ደመና ሲሆን የጣውላው ጅማት ሁሉ ይታያል። ፖላራይዘር የሚባለውን ሌላ ፊልተር ብቻ አድርጌ ነበር፤ እርጥብ እንጨት ላይ ያለውን ነጸብራቅ ሲያጠፋው ግራጫ የመሰለው ሁሉ ቡናማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ይላል።

ስክሪኑ ላይ አሮጌውንና አዲሱን አጠገብ ለአጠገብ አደረግናቸው። ጓደኛዬ ነው ቀድሞ ያየው።

“እዚች ጋ ጣውላ ነበር።”

ነበር። ከፊቷ ወደ መሐል ባለው ጎኗ ሁለት ረጃጅም ሳንቃዎች የሉም። በነሱ ፋንታ የጎድን አጥንቶቿ ወጥተዋል፤ ጠማማ ወፋፍራም እንጨቶች፣ በመሐላቸው ወደ ውስጥ የሚያሳይ ጨለማ። ከላይ ያለው ወለሏም ወርዷል። ድሮ ቀጥ ያለ መስመር የነበረው አሁን መሐሉ ላይ ጎብጧል። ሣሩ ግን በርክቷል።

ብዙ ሰዓት ዝም ብለን አየናት። ውሃው በጣም ስለሸሸ ጭቃው ላይ እስከ ቅርቧ ድረስ መራመድ ይቻል ነበር፣ ግን አልሄድኩም። እላይዋ ላይ መውጣትማ አይታሰብም፤ ለናንተም ለሷም አደጋ ነው። ጓደኛዬ ዳር ላይ የወደቀች የእጅ መዳፍ የምታክል የእንጨት ስባሪ አነሳና ኪሱ ሊከታት ሲል አየኝ። መለሳት። “ስታይ አስፈራኸኝ” አለ።

ከዚያ ብሎኑን ፈለግኩት። በረጅሙ ሌንስ ከፊት እስከ ኋላ ቃኘኋት። ብሎን ሞልቷል፣ የኔ ግን የለም። ሳንቃው ከሄደ እሱም ሄዷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ትራይፖዱን ማጠፍ ስጀምር ጓደኛዬ እጁን ወደ ጎድን አጥንቶቹ ዘረጋ።

“ያውልህ ማገዶህ ላይ።”

እዚያው ነው። በሦስተኛው የጎድን አጥንት ላይ እንደተተከለ። ድሮ አራት ጣት ነበር የወጣው፣ አሁን ስንዝር አልፏል። የያዘው ሳንቃ ስለሌለ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ የረጋ የዝናብ ወይ የጤዛ ጠብታ አለ። ጠብታው እስኪወድቅ ድረስ አምስት ጊዜ አነሳሁት፣ ስድስተኛው ላይ ወደቀ።

ውሃው መመለስ ጀምሮ ነበር። ትራይፖዱ አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ኖሯል፣ ለመንቀል ሁለት ሰው አስፈለገ። የጓደኛዬ ጫማ አንዱ እዚያው ቀረ።